እውነተኛውን የብረት ቆብ ከሐሰተኛው እንዴት እንለያለን?



ስለ አንድ የጀርመን ወታደር የብረት ቆብ ለመጻፍ ስነሣ፥ ከመካከላችሁ ብዙዎቹ «የምንመረምረው ነገር አጥተን ነውን? ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ራሴ ከአንድ ዓመት በፊት ይኸንኑ እል ነበር። የጦር ዕቃ ሰብሳቢ አይደለሁም፤ የብረት ቆብም የለኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ዕዳውም እንዲህ ነው። በጀርመን አገር የሚማር አንድ አብሮ አደጌ ባለፈው ክረምት በአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብረት ቆብ አየ። ሻጩ ሽማግሌ ነበሩ፤ «ይህ ቆብ አባቴ በ1940 ወደ ፈረንሳይ ሲዘምቱ የደፉት ነው፤ እስከ ዛሬ በቤታችን ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ነበር» አሉት። ወዳጄም ፎቶግራፍ አንሥቶ በስልክ ላከልኝና «አንተ የታሪክ ተማሪ ነህ፤ እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም አንድ ሌሊት ያህል ስለ ነገሩ ሳነብ አደርሁ። በቆቡ ውስጥ የታተሙትን ፊደሎችና ቁጥሮች ካነበብሁት ጋር አስተያይቼ «የፋብሪካው ማኅተም እውነተኛ ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ!» ብዬ መለስሁለት። እርሱም በዕረፍቱ ወራት ሠርቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ከፍሎ ገዛው።

ማኅተሙ በእርግጥ እውነተኛ ነበር። እኔ ግን ተሳስቼ ነበር። እንዴት እንደ ተሳሳትሁ ለማስረዳት አስቀድሞ ቆቡ ምን እንደሆነ፥ ምርመራውም በምን መንገድ እንደሚካሄድ መናገር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

የቆቡ ታሪክ

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲጀመር የጀርመን ወታደር የሚደፋው ከቆዳ የተሠራ፥ በአናቱ ላይ ሹል ጉጥ ያለው ቆብ ነበር። ይህ ቆብ ለሰልፍ ያምራል እንጂ የመድፍ ፍንጣሪ አያግድም። ወታደሮቹ ምሽግ ቈፍረው ፊት ለፊት መተያየት በጀመሩ ጊዜ ከላይ የሚዘንበው ፍንጣሪ ብዙ ሰው በራሱ ላይ አቈሰለ፤ ብዙም ገደለ። ስለዚህ በሐኖቨር የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ፍሪድሪሽ ሽቬርድ ግንባርን፥ ጆሮንና ማጅራትን የሚሸፍን የብረት ቆብ ነደፈ። ቆቡም በ1916 ለሠራዊቱ ታደለ፤ በቬርደን ጦርነት ላይ የታየው ይኸው ነው። በግራና በቀኝ እንደ ቀንድ ብቅ ያሉ ሁለት ጉጦች ነበሩት፤ ጉጦቹ አየር ያስገባሉ፤ ደግሞም ተጨማሪ የግንባር ብረት ይያዝባቸው ነበር።

በ1935 የጀርመን መንግሥት ሠራዊቱን ሲያስፋፋ አዲስ ሞዴል ወጣ። ቆቡ አነስ አለ፤ ቀንዶቹም ቀሩ። በቀንዶቹ ፈንታ በግራና በቀኝ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ተበጀ፤ በቀዳዳው ውስጥም ለብቻው የተሠራ የብረት ቀለበት ገባበት። ጠርዙ ዙሪያውን ወደ ውስጥ በጥንቃቄ ታጠፈ። በ1940 ሥራውን ለማፋጠን የተለየው ቀለበት ቀርቶ የቀዳዳው ከንፈር ከቆቡ ከራሱ ብረት ተጭኖ እንዲወጣ ተደረገ። በ1942 ደግሞ ጠርዙን ማጠፍ እንኳ ቀረ፤ ብረቱ ተቈርጦ ስለታም ጠርዙ ወደ ውጭ ጥቂት ዘንበል እንዳለ ተተወ።

እንግዲህ ከ1935 ወደ 1942 ስንወርድ አሠራሩ እየቀለለ፥ እጅ እየቸኰለ መሄዱን እናያለን። ጦርነቱ ብረትና ጊዜ ሲያሳጥር ጥድፊያው በወታደሩ ቆብ ጠርዝ ላይ ተጽፎ ቀረ። የምርመራው ሁሉ ቊልፍ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ የቆቡ ክፍል የተሠራበትን ዘመን ይናገራልና።

ተጠየቅ!

በአገራችን የቀድሞ ሙግት ተከራካሪው ቆሞ «ተጠየቅ!» እያለ ባላጋራውን ነገር በነገር እያያዘ ይመረምረው እንደነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። አንድ ምስክር ብቻውን የፈለገውን ሊናገር ይችላል። ምስክሮቹ ለየብቻ ተጠይቀው ቃላቸው ሲገጣጠም ግን እውነቱ ይወጣል። የብረት ቆብም የሚመረመረው በዚሁ መንገድ ነው። ምስክሮቹም ስድስት ናቸው።

አንደኛው ምስክር ጠርዙና ቀዳዳው ነው። ከዚህ በላይ እንደ ተጻፈው፥ በጣት ዳስሶ ጠርዙ የታጠፈ ወይም ያልታጠፈ መሆኑን፥ የአየር ቀዳዳውም ቀለበት የገባበት ወይም ከራሱ ብረት የወጣ መሆኑን መለየት ይቻላል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ የጸና ነው። አስመሳዩ ቀለም ሊቀባ ይችላል፤ በፋብሪካ መጫኛ የተቀረጸውን ብረት መልሶ ሊቀርጽ ግን አይችልም። ለወዳጄ «ጠርዙን ዳስሰህ ንገረኝ» ብዬ የጻፍሁለት ከገዛው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። «ስለታም ነው፤ አልታጠፈም» ብሎ መለሰልኝ። ያን ጊዜ ደነገጥሁ። ጠርዙ ካልታጠፈ ቆቡ የ1942 ሞዴል ነው ማለት ነው። በ1942 የወጣ ቆብ በ1940 ወደ ፈረንሳይ እንዴት ሊዘምት ቻለ?

ሁለተኛው ምስክር ማኅተሙ ነው። እነዚህን ቆቦች የሠሩት ዋነኞቹ ፋብሪካዎች አምስት ሲሆኑ በታለ፥ በላውተር፥ በኤስሊንገን፥ በፉልዳና በሽቬርተ ከተሞች ይገኙ ነበር። እያንዳንዱ በቆቡ ውስጥ ሁለት ነገር ያትማል፤ የፋብሪካውን ፊደልና የቆቡን ልክ። ለምሳሌ በላቲን ፊደል «ኤ ቴ 64» የሚል ቢገኝ፥ በታለ ፋብሪካ የተሠራ 64 ቊጥር ቆብ ማለት ነው። በዚህም ውስጥ የሚገባው የቆዳ ገበር ለ56 ወይም ለ57 ሳንቲ ሜትር ራስ የሚሆን ነው። በ66 ውስጥ ደግሞ የ58 ወይም የ59 ገበር ይገባል። ልኩና ገበሩ ካልተስማሙ አንዱ ከሌላ ቆብ የመጣ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ረዘም ያለ ቊጥር በማጅራቱ በኩል ይታተማል። አንዳንድ ሻጭ ይህን የወታደሩ መለያ ቊጥር ነው ይላል፤ ነገር ግን የብረቱ የምርት ምድብ ቊጥር ነው እንጂ ከሰው ጋር ምንም አያገናኘውም።

እኔ የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። በወዳጄ ቆብ ላይ የታተመው «ሴ ካ ኤል 66» ይላል። ይህ የታለ ፋብሪካ መለያ መሆኑን አንብቤ ነበርና «እውነተኛ ነው» አልሁ። ነገር ግን የታለ ፋብሪካ በመጀመሪያ «ኤ ቴ» እያለ ያትም ነበር፤ «ሴ ካ ኤል» የሚለው የምስጢር ፊደል የተተካው በጦርነቱ ኋለኛ ዓመታት ነው። የላውተሩም እንዲሁ ከ«ኤስ ኤ» ወደ «ሃ ካ ፔ» ተለውጧል። እንግዲህ እኔ የእውነተኛነት ማረጋገጫ ብዬ የያዝሁት ማኅተም የሽማግሌውን ታሪክ የሚያፈርስ ምስክር ነበር። ፊደሉን አነበብሁ እንጂ «መቼ?» ብዬ አልጠየቅሁትም።

ሦስተኛው ምስክር ቀለሙ ነው። የ1935 ሞዴል ሲወጣ ለስለስ ያለ አረንጓዴ ቀለም ይቀባ ነበር። ለስላሳው ቀለም በፀሐይ ስለሚያብረቀርቅ ወታደሩን ለጠላት ያሳየዋል። ስለዚህ ከ1940 ጀምሮ ሻካራ፥ ወደ ግራጫ ያደላ ቀለም ገባ። ከዚህም በላይ ወታደሮቹ በየጦር ግንባሩ ራሳቸው የቀቡት አለ፤ በሰሜን አፍሪካ የአሸዋ መልክ፥ በሩስያ ክረምት ነጭ፥ በ1944 በኖርማንዲ ደግሞ ሦስት መልክ የተዥጐረጐረ። ይህ የዥጕርጕር ቀለም ዛሬ በዋጋ እጅግ ስለሚፈለግ አስመሳዮች በብዛት የሚሠሩት ነው። እውነተኛ አሮጌ ቀለም ደርቆ የጠነከረ ነው፤ እጅ በሚበዛበት በጠርዙ አካባቢ ያልቃል፤ እጅ በማይደርስበት በገበሩ ሥር ግን ሳይነካ ይቀራል። አስመሳዩ ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት ሲፍቀው ግን የትም ቦታ እኩል ያልቃል። ሰው ቆቡን የሚይዝበትን ቦታ አላሰበምና።

አራተኛው ምስክር ዓርማው ነው። ይህ በውኃ ርሶ ከወረቀት ወደ ብረት የሚተላለፍ ቀጭን ሥዕል ነው። በምድር ጦር ቆብ ላይ በቀኝ ጥቊር፥ ነጭና ቀይ ጋሻ፥ በግራ ደግሞ መስቀለኛውን የናዚ ምልክት የያዘ ንስር ይለጠፍ ነበር። በመጋቢት 1940 ባለ ሦስት ቀለሙ ጋሻ እንዲቀር ታዘዘ፤ ምክንያቱም ሩቅ ሆኖ ስለሚታይ ነው። በነሐሴ 1943 ደግሞ ንስሩም እንዲቀር ታዘዘ። እንግዲህ ሁለት ዓርማ፥ አንድ ዓርማ፥ ምንም ዓርማ የሌለው እያልን በዘመን ልንከፍላቸው እንችላለን። በ1936 የተሠራ ቆብ አንድ ዓርማ ብቻ ቢኖረው አይገርምም፤ ወደ ጥገና ገብቶ በአዲሱ ትእዛዝ መሠረት ተቀብቶ ይሆናልና። በ1942 የተሠራ ቆብ ከሁለት ዓመት በፊት የተከለከለውን ጋሻ ለጥፎ ቢገኝ ግን ነገሩ ወደ ኋላ የሚሄድ ወንዝ ነው። የወዳጄ ቆብ በቀኝ ጋሻ፥ በግራ ንስር ነበረው።

አምስተኛው ምስክር ጭረቱ ነው። ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የወደድሁት ይህን ነው። አንድ ቆብ ዓርማው ከተለጠፈበት በኋላ ቢጫር፥ ጭረቱ ዓርማውንም ቀለሙንም አንድ ላይ ቈርጦ ወደ ብረቱ ይወርዳል። ዓርማው የተለጠፈው ቆቡ ካረጀ በኋላ ከሆነ ግን ሥዕሉ በአሮጌው ጭረት ላይ ይተኛል፤ ወደ ጭረቱም ጐድጓዳ ይገባል። ይህን ለማየት አጉሊ መነጽርና ከጐን የሚበራ መብራት ይበቃል። ማን ማንን ቀደመ ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለበትም።

ታዲያ ወዳጄ ይህን ከመግዛቱ በፊት ለምን አላየም? በጀርመን ሕግ የናዚን ምልክት በአደባባይ ማሳየት የተከለከለ ነው፤ ለትምህርት፥ ለምርምርና ለኪነ ጥበብ ካልሆነ በቀር ያስቀጣል። ስለዚህ በገበያ ላይ ነጋዴዎች ምልክቱን በወረቀት ይሸፍኑታል። ሕጉ ተገቢ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ሽማግሌው የለጠፉት ወረቀት ንስሩን በሙሉ ሸፍኖት ነበርና ወዳጄ ዓርማውን የመረመረው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። መብራቱን ከጐን አድርጎ ያነሣውን ፎቶግራፍ ሲልክልኝ ሦስት ረዣዥም ጭረቶች ከንስሩ ክንፍ ሥር ሲያልፉ ይታያሉ፤ ንስሩ ግን አልተጫረም።

ስድስተኛው ምስክር ገበሩና ጠፍሩ ነው። የቆቡ ገበር በብረት ቀለበት ላይ የተሰፋ ቆዳ ሆኖ ወደ መካከል የሚዘረጉ ስምንት ምላሶች አሉት፤ ምላሶቹም በክር ይሰበሰባሉ። ቀለበቱ በመጀመሪያ ከአሉሚኒየም ይሠራ ነበር፤ በኋላ አሉሚኒየም ለአውሮፕላን ስለተፈለገ ዚንክ በተቀባ ብረት ተተካ። ገበሩን ከቆቡ ጋር የሚያያይዙት ሦስት ችንካሮች ናቸው፤ ሁለቱ በጐንና በጐን፥ አንዱ ከኋላ። ችንካሮቹ ተነቅለው ዳግመኛ የተተከሉ እንደሆነ የታጠፉት እግሮቻቸው ይሰነጠቃሉ፤ በቀዳዳውም ዙሪያ ቀለሙ ይላጣል። ቆዳው ለብዙ ጊዜ የተደፋ ከሆነ ላብ የጠጣው በግንባር በኩል ነው፤ አስመሳዩ በሻይ ወይም በቡና ያጠቈረው ቆዳ ግን ዙሪያውን አንድ መልክ ነው። አፍንጫም ምስክር ነው። አሮጌ ቆዳ የአቧራና የላብ ሽታ አለው፤ አዲስ የተቀባ ቆዳ ግን የጫማ ቀለም ይሸታል።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል መሣሪያ ልጥቀስ። የአልትራቫዮሌት መብራት በጨለማ ቤት ሲበራ፥ ከጦርነቱ በኋላ በክርና በጨርቅ ሥራ ላይ በስፋት የዋለው ማንጫ መድኃኒት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። የወዳጄ ቆብ ገበር ክሩ ጨለማ እንደሆነ ቀረ፤ የአገጩ ጠፍር ስፌት ግን እንደ ኮከብ በራ። ይህ መብራት ግን ፈራጅ አይደለም። እውነተኛ አሮጌ ክር በኋላ ዘመን በሳሙና ታጥቦ ሊበራ ይችላል፤ ተንኰለኛ አስመሳይም የማይበራ ክር ፈልጎ ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ምስክር ቃል ብቻ ተይዞ አይፈረድም።

ያልተዋሸ ለውጥ

አንባቢ ሆይ፥ የተለወጠ ሁሉ ሐሰት ነው ብለህ እንዳትቸኩል። እኔ በመጀመሪያ በማመን ቸኰልሁ፤ በኋላም በመካድ ልቸኩል ነበር። ቀንድ ያለው የ1916 ቆብ አዲስ ገበር ተደርጎለት፥ የ1935 ዘመን ዓርማ ተለጥፎበት ያገለገለ አለ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ኖርዌይ ጀርመኖች ትተዋቸው የሄዱትን ቆቦች ቀለም ቀብታ ለራሷ ወታደሮች አድላለች። ፊንላንድም በእነዚህ ቆቦች ተጠቅማለች። ሃንጋሪና ስፔን በአምሳሉ የራሳቸውን ሠርተዋል። ከጦርነቱ በፊትም የቻይና ብሔራዊ ሠራዊት ክፍሎች የ1935ቱን ሞዴል ገዝተው ደፍተዋል። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው እውነተኛ ታሪክ ያላቸው ናቸው። ለፊልምና ለትርኢት የተሠራም ቢሆን «ለፊልም የተሠራ ነው» ተብሎ እስከ ተሸጠ ድረስ ማንንም አያታልልም።

ሐሰቱ የሚጀምረው የኖርዌይ ቀለም ተፍቆ የናዚ ዓርማ ሲለጠፍበት ነው። ብረቱ እውነተኛ ነው፤ ገበሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ላይ ሆነው የሚናገሩት ግን ሐሰት ነው። እንዲህ ያለውን ሙሉ በሙሉ አዲስ ከተሠራው ይልቅ ለመለየት የሚያስቸግረው አብዛኛው አካሉ እውነት መሆኑ ነው።

ወረቀትና ወሬ

ሰባተኛ ምስክር ሊሆን የሚፈልግ አንድ አለ፤ እርሱም ወሬው ነው። «አያቴ»፥ «ጣሪያ ሥር»፥ «አንድ አሜሪካዊ ወታደር ለማስታወሻ ወስዶት ነበር» የሚለው ሁሉ ከዚህ ይገባል። አንዳንዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቆቡ ወሬውን ይደግፍ እንደሆነ ይጠየቃል እንጂ ወሬው ቆቡን አያድነውም።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ኮንራድ ኩያው የተባለው ጀርመናዊ አስመሳይ ነው። ይህ ሰው በ1970ዎቹ ዓመታት የናዚ ዘመን ዕቃ ይነግድ ነበር። አንድ ጊዜ እውነተኛ፥ ነገር ግን ተራ የሆነ የመጀመሪያው ጦርነት የብረት ቆብ አገኘ። ዋጋው ጥቂት ማርክ ነው። ኩያው «ሂትለር በጥቅምት 1917 መጨረሻ በኢፕር የደፋው ነው» የሚል ማስታወሻ ጽፎ የሩዶልፍ ሄስን ፊርማ አስመስሎ ፈረመበት። ቆቡን አልነካውም፤ የለወጠው ወረቀቱን ብቻ ነው። ዋጋው ግን ናረ።

በቆብ የተለማመደው እጅ በዚያ አልቀረም። ኩያው በኋላ የሂትለር የዕለት ማስታወሻ ነው ያለውን ከ60 የማያንስ ደብተር በእጁ ጻፈ። ሽተርን የተባለው መጽሔት 9.3 ሚሊዮን ማርክ ከፍሎ ገዝቶ በሚያዝያ 1983 ለዓለም አስታወቀ። ታላቁ እንግሊዛዊ የታሪክ ሊቅ ህዩ ትሬቨር ሮፐር እንኳ የክምችቱን ብዛት አይቶ፥ ስለ አመጣጡ የተነገረውንም አምኖ በመጀመሪያ እውነተኛ ነው ብሎ መሰከረ። በግንቦት መጀመሪያ ላይ የጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት ሐሰተኛ መሆኑን ገለጠ። ወረቀቱ ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህ የመጣ ማንጫ ነበረበት። ወዳጄ በጨለማ ቤት የጠፍሩን ስፌት ያየበት ብርሃን ያንን ደብተርም ሊያጋልጥ ይችል ነበር ማለት ነው። ኩያው በ1985 ከ4 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት።

እንዲህ ያለው ሊቅ ከተሳሳተ የእኔ ስሕተት ምን ይደንቃል ልል እችላለሁ። ግን ይህ መጽናኛ አይደለም። ሁለታችንም የሳትነው በአንድ መንገድ ነውና፤ መጀመሪያ ታሪኩን ወደድን፤ ቀጥሎ የሚደግፈውን ማስረጃ ብቻ አየን።

የዋጋው ነገር

ስለ ኤስ ኤስ ቆብ ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ጐደሎ ይሆናል። በገበያው ላይ እጅግ የሚወደደው የኤስ ኤስ ሁለት መብረቅ መሰል ፊደሎች የተለጠፉበት ነው። ኤስ ኤስ በ1946 በኑረምበርግ ፍርድ ቤት ወንጀለኛ ድርጅት ተብሎ የተፈረደበት፥ የግድያ ሠፈሮችን ይጠብቅ የነበረ ድርጅት ነው። አንድ ተራ የእግረኛ ወታደር ቆብ ይህን ትንሽ ልጥፍ ሲያገኝ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አስመሳዩ ሁሉ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። ሰብሳቢዎች «ሻምፓኝ» የሚሉት አንድ ዓይነት የኤስ ኤስ ዓርማ ለብዙ ዓመታት በታወቁ ሰዎች የምስክር ወረቀት ሲሸጥና በመጽሐፍ ሲታተም ኖሮ፥ በኋላ ሐሰተኛ ነው ተብሎ ተጥሏል። ሊቃውንቱ እርስ በርሳቸው ይጠቃቀሱ ነበር እንጂ ወደ መጀመሪያው ምንጭ የተመለሰ አልነበረም። ይህ በእኛ ፋኩልቲ የፈተና ወረቀት ላይም የሚደርስ በሽታ ነው።

የፍላጎቱ ሌላ ክፉ ፍሬ በመሬት ውስጥ ነው። በሩስያና በባልቲክ አገሮች በቀድሞ የጦር ሜዳዎች ላይ ሌሊት እየቈፈሩ ቆብና ሜዳልያ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። የጀርመን ወታደር በአንገቱ ለሁለት የሚሰበር የብረት መለያ ያንጠለጥል ነበር፤ ሲሞት ግማሹ ለመዝገብ ይወሰዳል፤ ግማሹ ከሬሳው ጋር ይቀራል። ቈፋሪው ያን ግማሽ ከወሰደ ወይም ከጣለ አጥንቱ ለዘለዓለም ስም የለሽ ሆነ ማለት ነው። በ1919 የተቋቋመው የጀርመን የጦር መቃብር ጠባቂ ማኅበር እስከ ዛሬ ድረስ እነዚህን ሙታን እየፈለገ ይቀብራል። ሟቹ ለክፉ መንግሥት የተዋጋ ነው፤ ቢሆንም የሚጠብቁት ልጆች ነበሩት።

የወዳጄ ቆብ ፍጻሜ

አሁን ወደ ዕዳዬ ልመለስ። ምስክሮቹን ሁሉ ጠይቀን ስንጨርስ ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ብረቱ እውነተኛ የ1942 ሞዴል ነው፤ ገበሩም ከራሱ ጋር የኖረ ነው፤ ሁለቱ ዓርማዎች ግን በኋላ ዘመን የተለጠፉ ናቸው፤ ጠፍሩም አዲስ ነው፤ የ1940ው ዘመቻም ተረት ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር አገኘን። በማጅራቱ በኩል በውስጥ ወታደሮች ስማቸውን በነጭ ቀለም ይጽፉ ነበር። በዚህ ቆብ ላይም ስም ተጽፎ ነበር፤ ግን በስለት ተፍቋል። የቀሩት ሦስት ፊደሎች ብቻ ናቸው። ለምን እንደተፋቀ በእርግጥ አላውቅም፤ የተፋቀበት ብረት ግን ገና እንደ አዲስ ያብለጨልጫል፤ ያልዛገ ጭረት ደግሞ የ80 ዓመት ዕድሜ የለውም። እጄ ላይ ያለው ሐሰት የተለጠፈው አንድ እውነተኛ ስም ጠፍቶ መሆኑን ሳስብ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ አሳዘነኝ።

ወዳጄ ወደ ገበያው ተመልሶ ሽማግሌውን ጠየቃቸው። «እኔም ከሌላ ሰው ነው የገዛሁት» አሉት እንጂ ገንዘቡን አልመለሱለትም። ከዚያም በአንድ ማታ «እኔስ ለሌላ ሰው እንደ ገዛሁት አድርጌ ልሽጠው? ታሪኩን የፈጠርሁት እኔ አይደለሁም» ብሎ ጻፈልኝ። መልሱን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ገንዘቡ የእርሱ ነው፤ ያስከሰርሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልከልክለው? በመጨረሻ «ሽማግሌውም ለራሳቸው ይኸንኑ ብለው ይሆናል» ብዬ ብቻ ጻፍሁለት።

ከሳምንት በኋላ አንድ ፎቶግራፍ ደረሰኝ። ቆቡ ተገልብጦ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ በገበሩ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ። በወረቀቱም ላይ በእጁ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ብረቱና ገበሩ እውነተኛ፥ ከ1942 ወዲህ በታለ የተሠራ። ሁለቱ ዓርማዎች ከጦርነቱ በኋላ የተለጠፉ። ጠፍሩ አዲስ። ፈረንሳይ አልዘመተም። የባለቤቱ ስም ተፍቋል፤ የቀሩት ፊደሎች እነዚህ ናቸው።» ሦስቱንም ፊደሎች ቅርጻቸውን ሳይለውጥ ገልብጧቸዋል።

ኩያው በእውነተኛ ቆብ ውስጥ የሐሰት ወረቀት አኖረ። ወዳጄ በሐሰተኛ ቆብ ውስጥ የእውነት ወረቀት አኖረ። ነገ ያ ቆብ በማንም እጅ ቢገባ፥ የሚመረምረው ሰው ከእኔ የተሻለ ጅማሬ ይኖረዋል።

የገንዘቡን ግማሽ እኔ ልከፍለው ተስማምተናል። እስካሁን ሦስተኛውን ክፍያ ልኬያለሁ።